ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ወደ ፎርማት አትሩጡ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈብኝ ብላችሁ ጥገና ቤት ብትገቡ መልሱ ገና በሩ ላይ ይታወቃል። ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ፣ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን። ዋጋው አይከብድም። ሥራውም ግማሽ ቀን አይፈጅም። ማታ ይዛችሁት ስትገቡ ደግሞ እውነትም ፈጠን ብሏል፣ ስለዚህ ሰውየው ልክ ነበር ትላላችሁ። ወር ሁለት ወር ይቆይና ያው ይሆናል። እንደገና ፎርማት፣ እንደገና ዊንዶውስ ማስጫን፣ እንደገና የልጆቹ ፎቶ የትኛው ፍላሽ ላይ እንደተቀመጠ መፈለግ።

ጠጋኞቹን መውቀሴ አይደለም። ደንበኛው የሚፈልገው ቶሎ እንዲያልቅለት ነው፤ ቁጭ ብሎ ለሚመረምር ሰው የሚከፍል የለም። ግን ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ፎርማት መምጣት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። አንድ የቤት ኮምፒውተር የሚንቀራፈፍባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፣ ፎርማት የሚነካው ከእነሱ አንዱን ወይም ሁለቱን ነው፣ ከቀሩት መካከል አንደኛው ማለትም ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ ራሱ እየሞተ ከሆነ ደግሞ የቀረችውን ፋይል ጠራርጎ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከዚያ በኋላ ማልቀስ ነው።

ከ2018 ዓ.ም. ወዲህ ጉዳዩ የባሰበት ምክንያት አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌ ማሽን አይቀበልም፤ በኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕም ይፈልጋል። እኛ ጋ በየቤቱ ያለው ላፕቶፕ ስንቱ ነው ይህን የሚያሟላው? አዲስ ልግዛ ቢባል፣ የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ሌላ ሆኗል። በዚያ ላይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የዓለምን ሚሞሪ ቺፕ እየጠራረጉ ስለሚወስዱት ከ2018 መግቢያ ጀምሮ የራምም (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስቀመጫ) የኤስኤስዲም (በሃርድ ዲስክ ፈንታ የሚገባ፣ በቺፕ የሚሠራ ማስቀመጫ) ዋጋ በዓለም ገበያ አሻቅቧል። ስለዚህ ያለችውን ማሽን ምን እንደነካት ሳያውቁ ገንዘብ ማውጣት ድሮም ብልጠት አልነበረም፣ አሁን ጭራሽ አያዋጣም።

ያ 100 ፐርሰንት

ኮምፒውተሩ ሲጨናነቅ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ግቡና ዲስክ የሚለውን ምረጡ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ 100 ፐርሰንት የሚል ያይና ዲስኩ ሞላ ብሎ ፊልም ማጥፋት ይጀምራል። ቁጥሩ የሚናገረው ሌላ ነው፤ ዲስኩ ለአፍታም ሥራ አልፈታም ነው የሚለው። ቁም ነገሩ ያለው ከሥሩ ነው። አንደኛው በሰከንድ ስንት እያነበበና እየጻፈ እንደሆነ። ሌላው አቬሬጅ ሪስፖንስ ታይም የሚለው፣ ማለትም አንድ ጥያቄ ቀርቦለት መልስ እስኪሰጥ የሚፈጅበት ጊዜ፣ በሚሊ ሰከንድ።

ጤነኛ ሃርድ ዲስክ ሥራ ሲበዛበት ሃያም ሃምሳም ሚሊ ሰከንድ ያሳያል፣ ለአፍታ መቶ ቢያልፍ አያስደነግጥም። በሰከንድ አንድ ሜጋባይት እንኳ ሳያነብ ቁጥሩ ሺህ ሁለት ሺህ ላይ ተሰቅሎ ከቀረ ግን ነገር አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ልሥራ፣ ምክንያቱም ብዙው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው፣ ከሳህኑ በላይ ደግሞ የሚያነብና የሚጽፍ ጭንቅላት። የላፕቶፕ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ዙር ይሽከረከራል፣ የዴስክቶፑ 7200። 5400 ማለት በሰከንድ 90 ዙር ነው፣ አንዱ ዙር ወደ 11 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። የሚፈለገው ነገር ዞሮ ጭንቅላቱ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር መጠበቅ ግድ ነው፤ ጭንቅላቱ ራሱ ወደ ቦታው ለመሄድ ሌላ 12 ገደማ ይጨምራል። ተደምሮ ወደ 18 ሚሊ ሰከንድ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ዲስክ በሰከንድ የሚመልሰው 55 ጥያቄ ገደማ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚፈልገው ደግሞ እዚህም እዚያም የተበተኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ነገሮችን ነው። እያንዳንዷ ጥያቄ 4 ኪሎባይት ብትሆን፣ ዲስኩ ያለ የሌለ ኃይሉን ተጠቅሞ በሰከንድ የሚያመጣው 220 ኪሎባይት ነው። ያው ዲስክ አንድ ትልቅ ፊልም ሲገለብጥ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ይደርሳል። ልጅን ሱቅ ልኮ ስኳር፣ ሲመለስ ጨው፣ ሲመለስ ደግሞ ክብሪት እንደማለት ነው፤ ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ምልልሱ ነው ቀኑን የበላው።

ስለዚህ "ፊልም እኮ ቶሎ ይገለብጣል፣ ዲስኩ ደህና ነው፣ ቫይረስ ነው" የሚለው አነጋገር አያስኬድም። ፊልም መገልበጥና ዊንዶውስ ማስነሳት ለዲስኩ ፈጽሞ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለ ተራው እንኳ በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥያቄዎችን ይመልሳል። ያ ሁሉ ሰው ኤስኤስዲ ሲያስገባ "አዲስ ማሽን ሆነልኝ" የሚለው ወዶ አይደለም።

እዚያው ታስክ ማናጀር ላይ ሚሞሪ የሚለውንም እዩ። ራሙ 4 ጊጋ ሆኖ 90 ፐርሰንት ከሞላ ዲስኩን አትውቀሱት። ራም ሲያልቅ ዊንዶውስ የተረፈውን ዲስኩ ላይ እያስቀመጠ እየመለሰ ይሠራል፣ ያ ደግሞ ከላይ ያየነው የትናንሽ ጥያቄዎች ጎርፍ ነው። ክሮም ላይ አሥራ አምስት ገጽ ከፍቶ፣ ቴሌግራም ከጀርባ፣ ወርድ ከፊት፤ በ4 ጊጋ ይህ አይሆንም። ማሽኑ ክፍት ቦታ ካለው ራም መጨመር ነው፣ ከሌለው ሲነሳ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ስታርትአፕ ከሚለው ውስጥ ማጥፋት።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ እኛ አካባቢ ያለን ሰዎች ላይ በተለይ የሚበረታ። ኮምፒውተሩ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ነው የሚከፈተው፣ መብራት ሲኖር፣ ኢንተርኔት ሲኖር። ዊንዶውስ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ሊሠራው ያሰበውን ሁሉ፣ ማሻሻያ ማውረዱን፣ ቫይረስ ፍተሻውን፣ ፋይሎችን ለፍለጋ መመዝገቡን፣ ልክ እንደከፈታችሁት በአንዴ ይጀምረዋል። ግማሽ ሰዓት ትታገሉትና ተናዳችሁ ታጠፉታላችሁ። በሚቀጥለው ስትከፍቱት ያልጨረሰውን ከዚያው ይቀጥላል። እንዲህ ያለው ማሽን ምንም አልሆነም። አንድ ቀን ማታ ከፍታችሁ ተዉት፣ ሥራውን ይጨርስ፣ ጠዋት እዩት። ጠዋትም ያው ከሆነ ወደሚቀጥለው እንሂድ።

ዲስኩ ስለ ራሱ የሚጽፈው

ማንኛውም ሃርድ ዲስክ የራሱን ታሪክ ይመዘግባል። ስማርት ይሉታል። ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደተነሳ፣ ስንት ቦታ ላይ ማንበብ እንዳቃተው። ይህን የሚያነብ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ትንሽ ስለሆነ ኢንተርኔት ያለው ሰው በፍላሽ ቢያመጣላችሁ ይበቃል። ሲከፈት ሰማያዊ ከሆነ ጉድ፣ ቢጫ ከሆነ ኮሽን፣ ቀይ ከሆነ ባድ ይላል። ሰማያዊውን አይቶ ዘወር ማለት ግን አይበቃም፣ ቁጥሮቹን ማየት ነው።

በቀደም ጠባሴ አካባቢ የሚኖሩ አንድ መምህር ዴስክቶፓቸውን እንዳየው ጠሩኝ። ሁለቴ ፎርማት ተደርጓል። ሮስተሩ፣ የፈተና ወረቀቱ፣ የቤተሰቡ ፎቶ፣ ሁሉም ዲ የሚባለው ክፍል ላይ ነው። ፕሮግራሙን ስከፍተው ቢጫ ነው። 05 የሚለው መስመር፣ ማለትም ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎች ብዛት፣ ዜሮ። ሲ5 የሚለው ግን 18 ይላል። ሲ5 ዲስኩ ማንበብ አቅቶት "ቆይ እናያለን" ብሎ በተጠርጣሪነት የያዛቸው ቦታዎች ናቸው። ልብ በሉ፣ ይህ ፕሮግራም ካልቀየራችሁት በስተቀር ቁጥሩን የሚጽፈው በ16 በሚቆጠረው የኮምፒውተር አቆጣጠር ስለሆነ 18 ማለት አንድ 16 እና 8፣ በኛ አቆጣጠር 24 ነው። ሃያ አራት የማይነበብ ቦታ ብዙ ላይመስል ይችላል። ግን ዲስክ አንድ የደከመ ቦታ ሲያጋጥመው ዝም ብሎ አያልፍም፣ ደጋግሞ ይሞክራል፤ የቤት ዲስክ እንዲህ ሲታገል ለብዙ ሰከንድ ሊቆይ ይችላል፣ ያን ጊዜ ሁሉ ዊንዶውስ ስታክ አድርጎ ይጠብቃል። ከሃያ አራቱ አንዷ ዊንዶውስ በየጊዜው የሚፈልጋት ፋይል ላይ ካረፈች በቃ፣ ማሽኑ ተንቀራፈፈ ማለት ነው።

ከዚያ ሲ0 የሚለውን አሳየኋቸው። 2ኤፍ4 ይላል፣ በኛ አቆጣጠር 756። ይህ በብዙ ዲስኮች ላይ ዲስኩ እየሠራ ሳለ ኃይል ድንገት የተቋረጠበትን ጊዜ የሚቆጥር ነው፤ አንዳንድ አምራቾች በሌላ መንገድ ስለሚቆጥሩት ሁሉም ላይ አይሠራም። መምህሩ ሳቅ አሉና "ይህማ መብራት በሄደ ቁጥር የሚጽፍ ቆጣሪ ነው በለኛ!" አሉ። ልክ ናቸው። መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ የላቸውም፣ ስታቢላይዘር ብቻ ነው ያለው፣ ስታቢላይዘር ደግሞ የኃይሉን ከፍ ዝቅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለአንድ ደቂቃ እንኳ አያቆይም።

መብራት ድንገት ሲሄድ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሳህኑ በያዘው ግፊት ገና እየተሽከረከረ ነው፣ ሞተሩ በዚያች ቅጽበት እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ትንሽ ኃይል ያመነጫል፣ ጭንቅላቱ በዚያች ኃይል ተወርውሮ ወደ ማረፊያው ይገባል። ብልህ አሠራር ነው፣ ግን የድንገት መግባት ስለሆነ አምራቾቹ ዲስኩ ይችለዋል የሚሉት ብዛት ከመደበኛው በጣም ያነሰ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ከሆነ ነው። ግማሽ የተጻፈች ቦታ በኋላ ስትነበብ ሒሳቧ አይገጥምም፣ ሲ5 ላይ ትመዘገባለች። ሳህኑ ግን ምንም ላይሆን ይችላል! እንደገና ቢጻፍባት ደህና ትሆናለች። ለዚህ ነው ሲ5 አይቶ ወዲያው ዲስኩን መጣልም ሆነ ዝም ብሎ ማለፍ ትክክል የማይሆነው።

መምህሩ ቤት መጀመሪያ የተደረገው ሮስተሩን ፍላሽ ላይ ማውጣት ነው። ከዚያ ፎቶውን ውጫዊ ዲስክ ላይ። ሁለት ሦስት ፋይል አልነበብም ብሎ ቀረ፣ ሌላው ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው ፎርማት የመጣው፣ እሱም ፈጣኑ አይደለም፣ ሙሉው። ልዩነቱን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ኩዊክ ፎርማት የሚባለው ማውጫውን ብቻ ነው የሚያጸዳው፣ ሳህኑን አይነካም፤ ጥገና ቤት የሚደረገው ደግሞ እሱ ነው፣ አምስት ደቂቃ ስለማይፈጅ። ሙሉው ፎርማት እያንዳንዷን ቦታ ይጽፍባታል፣ በትልቅ ዲስክ ላይ ሰዓታት ይፈጃል። ሲጨርስ ሲ5 ዜሮ ሆነ፣ 05 ግን 10 አለ፣ ማለትም 16። ከሃያ አራቱ ስምንቱ የመብራት ጉዳት ብቻ ነበሩ፣ ደህና ሆኑ። አሥራ ስድስቱ የምር ሞተዋል። ዲስክ እንዲህ ቦታ መተካት ከጀመረ ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት ካልጨመረ ሊቆይ ይችላል፣ ከጨመረ ግን ምንም ዋስትና የለውም። ሮስተር አይቀመጥበትም።

ዴስክቶፕ ያላችሁ ደግሞ ሲ7 የሚለውን እዩ። ይህ ዲስኩ ላይ ያለ ችግር አይደለም፣ ብዙ ጊዜ የገመድ ነው። ዲስኩን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘው የሳታ ገመድ ላላ ብሎ ወይም አርጅቶ በመንገድ ላይ የሚበላሸውን ዳታ ነው የሚቆጥረው። ገመዱን ነቅሎ አጥብቆ መሰካት፣ ካልሆነም መቀየር። ቁጥሩ ወደ ኋላ አይመለስም፣ መጨመር ካቆመ ይበቃል። ትራንስፈር ሞድ የሚለውም ጥግ ላይ አለ። ሳታ 600 ተብሎ መሆን የሚችል ማሽን ላይ ሳታ 150 ካለ ግንኙነቱ ወርዷል ማለት ነው፣ ገመዱን ጠርጥሩ። በርካሽ ገመድ የሚፈታ ነገር ሰው አዲስ ዲስክ ሲገዛበት ማየት ያናድዳል።

በነገራችን ላይ፣ ከፍታችንም ከዲስክ ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ። ጭንቅላቱ ሳህኑን አይነካም፣ በአየር ላይ ነው የሚንሳፈፈው፣ በናኖ ሜትሮች በሚለካ ክፍተት። አየሩ ሲሳሳ ተሸካሚው ይቀንሳል። ለዚህ ነው ብዙ አምራቾች ተራውን ሃርድ ዲስክ እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ድረስ ብቻ እንዲሠራ ተብሎ የተሠራ ነው የሚሉት። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከመስመሩ በታች ነች። ጣርማበርና የመንዙ መሐል ሜዳ ግን ከ3,000 በላይ ናቸው፣ የጓሳ ዙሪያማ ጭራሽ መስመሩን ያልፋል። ዲስክ እዚያ ሲደርስ ቀጥ ይላል ማለቴ አይደለም፤ አምራቹ ኃላፊነት እወስዳለሁ ያለበት ጫፍ ላይ ነው የሚሠራው ማለት ነው። የመንዝ ሰው ኤስኤስዲ ለመግዛት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለው። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ደግሞ ችግራችሁ ሙቀት ነው። ዲስኩ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ያው ፕሮግራም ላይ ይታያል፤ 50 እያለፈ ከሄደ ማራገቢያው ላይ ያለውን አቧራ አስጠርጉ፣ ላፕቶፑንም ከፍራሽ ላይ አንሱት።

ቼክዲስክ ቆይ ይበል

ዲስኩ ተጠርጣሪ ከሆነ ብዙ ሰው የሚመክረው ቼክዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ ትእዛዝ ነው። መጥፎ ፕሮግራም አይደለም። ግን ሙሉ ፍተሻ ሲያደርግ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያነበዋል፣ እየሞተ ያለ ዲስክ ደግሞ ያችን የመጨረሻ ጉልበቱን ለፋይላችሁ እንጂ ለፍተሻ ማዋል የለበትም። መጀመሪያ መገልበጥ። ሲገለበጥም ከሚያስፈልገው መጀመር፤ ፊልሙ ይቆይ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን አጥፉት፣ ደጋግማችሁ አታስነሱት። "ከፍተን እናየዋለን" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ዲስኩን ተቀብላችሁ ውጡ። በጭንቅላቱና በሳህኑ መካከል ካለው ክፍተት ጋር ሲወዳደር አንዲት የአቧራ ቅንጣት ተራራ ናት፣ ተራ ክፍል ውስጥ የተከፈተ ዲስክ ደግሞ አይተርፍም።

ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ፣ ራሙም በቂ ሆኖ፣ ገመዱም ደህና ሆኖ የሚንቀራፈፍ ማሽን አለ? አለ። አንዱ ሲ የሚባለው ክፍል ጢም ብሎ የሞላ ነው፤ አሥራ አምስት ፐርሰንት ያህል ባዶ ይተውለት። ሌላው ውጫዊ ዲስክን የማይገባ ቀዳዳ ላይ መሰካት ነው፤ ሰማያዊ ምላስ ያለው ዩኤስቢ 3 እያለ ጥቁሩ ላይ ከሰካችሁት በሰከንድ ከ35 ወይም 40 ሜጋባይት አያልፍም። ሦስተኛው ኤስኤምአር የሚባለው አሠራር ነው። መስመሮቹ ተደራርበው ስለሚጻፉ ብዙ ነገር ሲጻፍበት መጀመሪያ ይሮጥና ከዚያ ሰከንድ በሰከንድ እየወረደ ይሳባል። ብዙ የላፕቶፕ ባለ 1 እና ባለ 2 ቴራ ዲስኮች እንዲህ ናቸው። ትልልቆቹ አምራቾች የትኞቹ ሞዴሎች እንደሆኑ በግልጽ ያወጡት እንኳ በ2020 እ.ኤ.አ. ገዢዎች ከጮኹ በኋላ ነው። በሽታ አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው፣ ለማስቀመጫ ይሆናል፣ ለዊንዶውስ አይሆንም።

ኤስኤስዲ ለሚገዛ

ከዚህ ሁሉ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚደረሰው ወደ ኤስኤስዲ ነው፣ እኔም የምመክረው እሱን ነው። ለዊንዶውስና ለቢሮ ሥራ 240 ወይም 256 ጊጋ ይበቃል፣ አሮጌው ዲስክ ደህና ከሆነ ለፊልምና ለፎቶ ይቆያል። የሲዲ ማጫወቻ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ከሆነ ማጫወቻው ተነቅሎ በቦታው አሮጌው ዲስክ የሚገባበት ማቀፊያ አለ፣ ካዲ ይሉታል። ሁለት ዓይነት ውፍረት ስላለው፣ 9.5 እና 12.7 ሚሊ ሜትር፣ ሳትለኩ አትግዙ።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ስትገዙ ነው። ባለ ኤም.2 ቅርጹ ኤስኤስዲ ሁለት ዓይነት ነው፣ ሳታና ኤንቪኤምኢ፣ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ፣ ማሽናችሁ አንዱን ብቻ ሊቀበል ይችላል። በጣም ርካሽ ሆኖ ባለ 2 ቴራ ነኝ የሚል ካገኛችሁ እለፉት፤ ሣጥኑ ውስጥ የፍላሽ ቺፕ ብቻ የተገጠመባቸው፣ መጠናቸውን የሚዋሹ ዕቃዎች ዓለም ላይ ሞልተዋል። ዊንዶውስ 2 ቴራ ብሎ ያሳያችኋል፣ ሲጻፍበት ግን ከተወሰነ በኋላ የገባው ሁሉ ይጠፋል። ኤችቱ ቴስት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ሙሉውን ጽፎ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል። ያገለገለ ሃርድ ዲስክ ስትገዙም የአገልግሎት ሰዓቱን ብቻ አትመኑ። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ ለዓመታት ያገለገሉ የሲጌት ዲስኮች ሰዓታቸው ተሰርዞ በሻጮች በኩል እንደ አዲስ ሲሸጡ ተደርሶበታል። እዚያ ከሆነ እዚህ ምን ያግደዋል?

ኤስኤስዲም ቢሆን ሞት አይቀርለትም። ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ እየተንቀራፈፈ፣ እየጮኸ፣ ምልክት እየሰጠ ነው የሚሄደው፤ ኤስኤስዲ ግን ትናንት ሠርቶ ዛሬ የለም ሊል ይችላል፣ ከውስጡ ፋይል ማውጣትም ይበልጥ ይከብዳል። ስለዚህ ሮስተሩ ሁለት ቦታ ይኑር። መመረቂያ ጽሑፍ የያዛችሁ ተማሪዎች ደግሞ ሦስት ቦታ፣ አንዱን ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩት።

ዊንዶውሱን በተመለከተ፣ ኤስኤስዲ የገባለት አሮጌ ማሽን በዊንዶውስ 10 ደህና ይሮጣል፣ ችግሩ የደኅንነት ማሻሻያው ነው። ማይክሮሶፍት ለቤት ተጠቃሚ ያራዘመው ማሻሻያ ያበቃል ተብሎ መጀመሪያ የተቆረጠለት ቀን ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው፣ ለእሱም መመዝገብ ያስፈልጋል። ማሽኑ የሚያገለግለው ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለፊልም ብቻ ከሆነ ሊኑክስ ሚንት ይሞከር። ነፃ ነው፣ ከፍላሽ ላይ ሳይጫን ማየት ይቻላል፣ በ4 ጊጋ ራምም ይሠራል፣ የአማርኛ መጻፊያም አለው። የወርድ ፋይል ይከፍታል፣ አንዳንዴ አቀማመጡ ትንሽ ዝንፍ ይላል። የመሥሪያ ቤት ፎርም ለሚሞላ ሰው ይህ ያናድደው ይሆናል።

የወጣውን አሮጌ ዲስክ መሸጥ የፈለገ ሰው ደግሞ ፈጣኑን ፎርማት አድርጎ እንዳይሰጥ። ማውጫው ብቻ ነው የጠፋው፣ ፎቶው ሁሉ እዚያው ነው፣ ነፃ የማስመለሻ ፕሮግራም ያለው ጎረምሳ በአንድ ከሰዓት ያወጣዋል። ሌሊቱን ሙሉ ይፍጅ፣ ሙሉው ፎርማት ይደረግበት።